በሐረር ጁገል፣ ጌ ጋር ውስጥ ማደር፦ ስልክ ከመደወል እስከ መሰናበት

ሐረር የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከግንቡ ውጭ ነው የሚያድረው። ቀን በግንብ የተከበበውን ጥንታዊ ከተማ፣ ጁገልን፣ ይዞራል፣ ማታ ጅብ ሲመገብ ያያል፣ ከዚያ አዲሱ ከተማ ውስጥ ካለ ሆቴል ገብቶ ይተኛል። በማግስቱ ይሄዳል። እንዲህ ሲሆን መንገዱን አየ እንጂ ቤቱን አላየም። ሐረር ላይ ደግሞ መንገዱ የሚያሳየው ግድግዳ ብቻ ነው። ውበቱ ሁሉ ከበሩ ወዲያ ነው።

ሐረሪዎች ከተማቸውን "ጌ" ይሏታል። "ጋር" ደግሞ ቤት ነው። ጌ ጋር ማለት የከተማው ቤት፣ የሐረሪ ባህላዊ ቤት ማለት ነው። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ከ82 መስጊዶቹና ከ102 የቅዱሳን መካነ መቃብሮቹ ጋር ትልቁን አድናቆት ያገኘው ይኸው የቤቱ የውስጥ አሠራር ነው። ዛሬ ከእነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ እንግዳ ያሳድራሉ። ባለቤቶቹ ብዙ ጊዜ እዚያው ይኖራሉ። ስለዚህ ነገሩ ሆቴል መያዝና ሰው ቤት በእንግድነት መግባት አንድ ላይ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ገብቼ ያጠፋሁት አለ፣ እመለስበታለሁ። እናንተ አውቃችሁ ግቡ።

አንድ፦ ቀኑን ምረጡ፣ ሁለት ሌሊት ያዙ

አንድ ሌሊት አይበቃም። የመጀመሪያው ምሽት በመንገድ ድካም ያልፋል። ቤተሰቡም ገና አላወቃችሁም። በሁለተኛው ጠዋት ግን ነገሩ ይለወጣል። ቡና ሲጠጣ ትጠራላችሁ፣ ልጆቹ ይቀርቧችኋል፣ እናትየው ግድግዳው ላይ ስለተሰቀለው ነገር ማውራት ትጀምራለች። ለዚህ ጠዋት ብላችሁ ነው ሁለት ሌሊት የምትይዙት።

ቀን ስትመርጡ ሦስት ነገር አስቡ። የቁልቢ ገብርኤል በዓል ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ነው። በተለይ በታኅሣሡ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ሰው ብዛት መጓጓዣውንም ማደሪያውንም ያጨናንቃል። ሁለተኛው ሸዋል ኢድ ነው። ከረመዳን በኋላ ስድስት ቀን ይጾምና በዓሉ ይከበራል። በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ይህን በዓል ነው። ዝማሬውና አለባበሱ በጣም ያምራል፣ ግን ክፍል ለማግኘት ቀደም ብላችሁ መደወል አለባችሁ። ሦስተኛው ረመዳን ራሱ ነው። በረመዳን ቤቱ ቀን ጭር ይላል፣ ማታ ይደምቃል። ቁርስና ምሳ ከተለመደው ሊለይ ይችላል። ጾሙን አክብራችሁ ከሄዳችሁ ግን የአፍጥር ሰዓት ላይ መገኘት ትልቅ ዕድል ነው።

ሁለት፦ ደውሉ፣ በደንብ ጠይቁ

በፎቶ ብቻ አትወስኑ። ሁሉም ቤት በፎቶ ላይ አንድ ይመስላል፤ ቀይ መደብ፣ ነጭ ግድግዳ፣ በቀለም ያሸበረቀ ስፌት። ልዩነቱ ፎቶ ላይ አይወጣም። ደውላችሁ ባለቤቱን ራሱን ወይም ራሷን አናግሩ።

መጀመሪያ የምጠይቀው ቤተሰቡ እዚያው ይኖር እንደሆነ ነው። አንዳንዱ ቤት ሙሉ ለሙሉ ለእንግዳ የተለቀቀ ነው። ለብቻችሁ መሆን ከፈለጋችሁ እሱ ይሻላል። እኔ ግን ሰው የሚኖርበትን እመርጣለሁ። ያለ ሰዎቹ ቤቱ ሙዚየም ይሆንብኛል።

ቀጥሎ መጸዳጃና መታጠቢያ። ክፍሉ ውስጥ ነው ወይስ ግቢ ውስጥ? ለብቻ ነው ወይስ ከሌላ እንግዳ ጋር? ቤቶቹ ሲሠሩ መኝታ ክፍል ውስጥ መታጠቢያ ይገባል ተብሎ አልታሰበም። ስለዚህ ብዙ ቦታ ግቢውን አቋርጦ መሄድ አለ። ሌሊት የምትነሡ ከሆነ ወይም ትልቅ ሰው ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ሳትጠይቁ ቀብድ አትክፈሉ። ደረጃውንም ጠይቁ። የአንዳንዱ ቤት ደረጃ በጣም ቀጥ ያለና ጠባብ ነው። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ምድር ቤት ያለ ክፍል ይጠየቅለት።

ዋጋው ለክፍል ነው ወይስ ለሰው? ቁርስ ይጨምራል? በቴሌብር መክፈል ይቻላል? የግቢው በር ማታ በስንት ሰዓት ይዘጋል? ይህን ሁሉ በስልክ ከጨረሳችሁ በኋላ የተስማማችሁበትን በአጭር መልእክት ላኩላቸው። ቅሬታ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከማጭበርበር ሳይሆን ከመረሳት ነው።

ሦስት፦ መድረስ

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ድሬዳዋ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከድሬዳዋ ሐረር ደግሞ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ሚኒባስ አለ፣ ኮንትራት ታክሲም አለ። መንገዱ ዳገትና ጠመዝማዛ ነው። መኪና የሚያጥወለውለው ሰው ፊት ይቀመጥ። በአውቶብስ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፣ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከሾፌሮችና ከቤቱ ባለቤት አጣሩ።

ድሬዳዋ ይሞቃል። ሐረር ግን ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ነው፤ ማታ ማታ ይቀዘቅዛል። ሹራብ ያዙ።

ሻንጣችሁን በጀርባ የሚታዘል አድርጉት። ጎማ ያለው ሻንጣ ጁገል ውስጥ አይሆንም። መንገዱ ድንጋይ ነው፣ ዳገትና ቁልቁለት አለው፣ ብዙው ቦታ መኪና አያስገባም። ታክሲ ወይም ባጃጅ ጁገል መሃል ያለው አደባባይ፣ ፈረስ መጋላ፣ ያደርሳችኋል፤ ከዚያ በእግር ነው። ባለቤቱን ፈረስ መጋላ ላይ እንዲቀበሏችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ ራሳቸው ይመጣሉ፣ ካልሆነም ልጅ ይልካሉ። "እኔ ራሴ አገኘዋለሁ" አትበሉ። ጁገል ውስጥ ከ300 በላይ ጠባብ መንገዶች አሉ፣ የስልክ ካርታም ሁሉንም በትክክል አያውቃቸውም።

ከመሪያችሁ ኋላ ስትሄዱ ምልክት ያዙ። ለቤታችሁ ቅርብ የሆነውን መስጊድ ስም ጠይቁና ጻፉት። በየትኛው በር በኩል እንደሆነ ጠይቁ። የግንቡ አምስት ጥንታዊ በሮች እያንዳንዳቸው በሐረሪ አንድ፣ በአማርኛ ሌላ ስም አላቸው። አስማዲን በሪ ሸዋ በር ነው። በድሪ በሪ ቡዳ በር፣ ሱቁጣጥ በሪ ሰንጋ በር፣ አርጎብ በሪ ኤረር በር፣ አሱም በሪ ደግሞ ፈላና በር ነው። ሁለቱንም ስም ያወቀ ሰው ማንንም ጠይቆ ቤቱ ይመለሳል።

አራት፦ በሩን አልፎ መግባትና መቀመጥ

ከሁሉም ደረጃ ረዘም አድርጌ የምጽፈው ይህን ነው።

ከመንገድ የሚገባው በር ወደ ግቢ ያስገባል። ግቢው ውስጥ አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት ሦስት ቤት ሊኖር ይችላል፤ ጎረቤቶች ናቸው። ሰላም በሏቸው። ከዚያ የእንግዳ ቤቱ በር ላይ ስትደርሱ ጫማ ይወልቃል። ከገባችሁ በኋላ ወለሉና መደቡ ቀይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይህ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይላሉ የከተማው ሰዎች። ይህን የሚነግሯችሁ ሰዎች አያት ቅድመ አያቶቻቸው እዚያ የወደቁ ሊሆኑ ይችላሉ። ሲነግሯችሁ ዝም ብላችሁ አድምጡ።

ትልቁ ክፍል ውስጥ ወንበር የለም። ከፍታቸው የተለያየ መደቦች አሉ። ሐረሪዎች ነደባ ይሏቸዋል። አምስት ናቸው፣ እያንዳንዱም ስምና ባለቤት አለው። አሚር ነደባ የአባወራው ነው፤ እሱ ላይ የተቀመጠ ሰው በበሩ የሚገባውን ያያል። ጊዲር ነደባ "ትልቁ መደብ" ነው፤ ስፋት አለው፣ ሰው ተሰብስቦ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ጢት ነደባ "ትንሹ" ነው። ገብቲ ኤሐር ነደባ "ከበሩ ኋላ" ያለው ነው። ሱትሪ ነደባ ደግሞ "የተሸሸገው" ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ከበሩ አይታይም።

አሁን ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የገባሁ ዕለት ደክሞኝ ነበር። ትራስ ያየሁበት ቦታ ሄጄ ተዘረጋሁ። ማንም ምንም አላለኝም። እናትየው ቡና አመጡልኝ። ትንሽ ቆይቶ አባወራው ከመስጊድ ተመለሱ፣ በሩ ላይ ትንሽ ቆሙ፣ ፈገግ ብለው ሰላም አሉኝና ትንሹ መደብ ላይ ሄደው ተቀመጡ። በማግስቱ ልጃቸው ስለ ነደባዎቹ ስታስረዳኝ ነው የት ተቀምጬ እንደነበር የገባኝ። ልቤ አዘነ። ሄጄ ይቅርታ ስጠይቃቸው "እንግዳ አይደለህ?" አሉኝ፣ በቃ። ሰዎቹ ጨዋዎች ናቸው፤ አይነግሯችሁም። ስለዚህ እናንተ ስትገቡ ቆም በሉና "የት ልቀመጥ?" ብላችሁ ጠይቁ። ይህች አንዲት ጥያቄ ከሁሉም ስጦታ ትበልጣለች።

ተቀምጣችሁ ግድግዳውን እዩ። ግድግዳው ውስጥ ተቆርጠው የተሠሩ መደርደሪያዎች አሉ፤ ቁርኣን፣ ሳህን፣ ስኒ ይቀመጥባቸዋል። ከላይ ስፌቶቹ ተሰቅለዋል። ጌ ሞት ይባላሉ። አሰቃቀላቸው በዘፈቀደ አይደለም፤ ብዙዎቹ ከሠርግ ጋር የተያያዙ ናቸው፣ ማን ለማን እንደሰጠው ታሪክ አላቸው። አውርዳችሁ አትዩ፣ ፎቶ ለመነሣትም ጭንቅላታችሁ ላይ አታድርጉ። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ካያችሁ ደግሞ፣ በድሮው ልማድ ለትዳር የደረሰች ልጅ ቤቱ ውስጥ እንዳለች የሚናገር ምልክት ነበር።

አምስት፦ የትኛው ክፍል ውስጥ እንተኛ?

ምርጫ ከሰጧችሁ ሦስት ዓይነት ነው።

ከትልቁ ክፍል ጎን ያለችው ትንሽ ክፍል ኪርታት ትባላለች። ድሮ አዲስ ሙሽሮች ከሰው ተለይተው የጫጉላ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉባት ናት። ምግብ በትንሽ መስኮት ይቀበሉ ነበር። ጠባብ ናት፣ ብርሃን ያንሳታል፣ ግን ግድግዳዋ ወፍራም ስለሆነ ትሞቃለች፣ ድምፅም አታስገባም። ለሁለት ሰው ደስ ትላለች። መዘጋት የሚያስጨንቀው ሰው ግን አይግባባት።

ፎቁ ድሮ በአብዛኛው የዕቃና የእህል ማስቀመጫ ነበር። አሁን ብዙ ቦታ መኝታ ሆኗል። አየርና ብርሃን አለው። ልጆች ለያዘ ቤተሰብ ደረጃው ያሳስባል እንጂ ክፍሉ ጥሩ ነው። እኔ ፎቁን እመርጣለሁ፤ ጠዋት መስኮቱን ከፍታችሁ ጣሪያዎቹንና ሚናሬቶቹን ስታዩ ይገባችኋል።

ሦስተኛው ግቢው ውስጥ በኋላ የተሠራ አዲስ ክፍል ነው። ብዙ ጊዜ መታጠቢያው ውስጡ ነው። ምቾት አለው። ግን ብሎኬት ነው። ለዚህ ከሆነ ውጭ ያለው ሆቴልም ይበቃችሁ ነበር። ስልክ ላይ "ክፍሉ የድሮው ቤት ውስጥ ነው?" ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ።

የትም ብትተኙ ንጋት ላይ አዛን ይቀሰቅሳችኋል። ከአንዱ መስጊድ ይጀምርና ሌላው ይቀበላል። እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ የጆሮ መድፈኛ ያዙ። ቢያንስ አንድ ቀን ግን ሳትደፍኑ ተኝታችሁ ስሙት።

ስድስት፦ ውሃና መብራት

ሐረር በውሃ ብዙ የተፈተነች ከተማ ናት። የሐሮማያ ሐይቅ ለረጅም ጊዜ ያጠጣት ነበር። ሐይቁ በአንድ ወቅት ከደረቀ ወዲህ ውሃ ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ በፈረቃም ሊሆን ይችላል። የእንግዳ ቤቶቹ ሮቶና ጀሪካን ይዘዋል። ቢሆንም ሰው ያጠራቀመውን ውሃ ነው የምትጠቀሙት። ሻወሩን ከፍታችሁ አትቆዩ። ሙቅ ውሃ ከፈለጋችሁ ማታውኑ ተናገሩ፤ ካልሆነም በባልዲ አሙቀው ይሰጧችኋል። ለመጠጥ የታሸገ ውሃ ግዙ። ለመብራት ደግሞ ትንሽ ባትሪና ፓወር ባንክ ያዙ፣ ለመንገዱም ይጠቅማል።

ሰባት፦ ምግቡ፣ ሆጃው፣ ጫቱ

ቁርስ ላይ ሆጃ ጠይቁ። ከቡና ገለባ ወይም ቅጠል ከወተት ጋር የሚፈላ ነው። ቡናው ራሱ በዓለም የታወቀበት አገር ላይ ሰዎቹ ገለባውንም ሳይጥሉ እንዲህ አድርገው ይጠጡታል። አንዳንዱ ቤት ጨው ያደርግበታል። ስኳር ከመጨመራችሁ በፊት እንደመጣ ቅመሱት።

እራት ቤት ውስጥ መብላት ከፈለጋችሁ ጠዋት ተናገሩ። ገበያ ወጥተው ነው የሚሠሩት፤ ማታ ድንገት አይጠየቅም። ዋጋውንም አብራችሁ ተነጋገሩ። ጾም ከሆናችሁ፣ ወይም የሙስሊም ሥጋ የማትበሉ ከሆነ፣ አስቀድማችሁ ግለጹ። ማንም አይቀየምም። ሽሮውም አትክልቱም ይሠራል። መጠጥ ግን ይዛችሁ አትግቡ። የከተማዋ ስም የተጻፈበት ቢራ ቢኖርም ይህ የሙስሊም ቤት ነው። ውጭ ጠጥታችሁ ስትመለሱም ድምፃችሁ ዝቅ ይበል።

ከምሳ በኋላ ቤቱ ጸጥ ይላል። ጫት የሚቃምበት ሰዓት ነው። ሊጋብዟችሁ ይችላሉ። ካልፈለጋችሁ "አልቅምም፣ አመሰግናለሁ" ማለት በቂ ነው፤ ሳትቅሙ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ማውራት ትችላላችሁ። የከተማው ታሪክ ሲወራ የሰማሁት በዚህ ሰዓት ነው።

ስምንት፦ መውጣትና ማታ መመለስ

ስለ ጉብኝት ብዙ አልልም። አስጎብኚ ያዙ፤ በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም የሚጠራው የራምቦ ቤት፣ የሸሪፍ ሙዚየም፣ መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ ሁሉንም ግማሽ ቀን ያሳያችኋል። ቤት ውስጥ ለምትኖሩ ሰዎች ግን የምመክረው ከሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ ግቢው ውስጥ እንድትቀመጡ ነው። የቤቱ ሕይወት ያለው ያኔ ነው።

የጅብ ምግብ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ይጀምራል፤ ፈላና በር በኩል አለ፣ ሰንጋ በር በኩልም አለ። የመመልከቻውን ክፍያ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ስትመለሱ በጠባቡ መንገድ ላይ ጅብ ብታገኙ አትደንግጡ። ጅቦች ሌሊት ከተማው ውስጥ ይዞራሉ። በግንቡ ላይም ወራባ ኑዱል የሚባሉ የጅብ መግቢያ ቀዳዳዎች አሉ። አትሩጡ፣ ድንጋይ አትወርውሩ። ግድግዳውን ተጠግታችሁ አሳልፉት። ብቻችሁን ከሆናችሁ ግን ቤት ደውላችሁ ሰው እንዲቀበላችሁ አድርጉ፤ ጨለማ ውስጥ ሁሉም መንገድ አንድ ይመስላል። የግቢው በር የሚዘጋበትን ሰዓትም አትርሱ። እናንተን የሚጠብቅ ሰው አይተኛም።

ዘጠኝ፦ ፎቶ፣ ስፌት፣ ስንብት

ቤቱን ፎቶ ማንሣት ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። ሰዎቹን ግን፣ በተለይ ሴቶቹንና የጎረቤት ልጆችን፣ ጠይቃችሁ ብቻ። ሌላ ቱሪስት ለማየት ሲገባ ደግሞ አትገረሙ። ብዙዎቹ ቤቶች ለጎብኚ ክፍት ናቸው። ዕቃችሁን ትልቁ ክፍል ውስጥ ዘርግታችሁ አትተዉ።

ስፌት መግዛት ከፈለጋችሁ ከገበያ በፊት የቤቱን እናት ጠይቁ። ራሳቸው ይሠሩ ይሆናል፣ ወይም የሚሠራ ጎረቤት ያውቃሉ። አንድ ጥሩ ስፌት ለመጨረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። በጥንቃቄ የተሰፋ፣ ጥለቱ የማይዛነፍ ሥራ ካያችሁ ብዙ አትከራከሩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ግን "ሽጡልኝ" አትበሉ።

ሒሳቡን የመጨረሻው ምሽት ላይ ዝጉ፤ ጠዋት ግርግር ነው። ክፍል ላጸዳችው ልጅ ወይም ቡና ላፈላችው ለብቻዋ ስጡ። የጠዋት በረራ ያለው ሰው ታክሲውን ማታውኑ ይቅጠር። መኪናው ግቢው በር ድረስ ስለማይመጣ ፈረስ መጋላ ድረስ የምትሄዱበትን ሃያ ደቂቃ ጨምሩበት። ከንጋት አዛን በፊት የምትወጡ ከሆነ ለባለቤቱ ንገሯቸው። በሩን ራሳቸው ነው የሚከፍቱላችሁ። ቡናም ሳያጠጡ አይሰዱም፣ ስለዚህ ሰዓት ስታሰሉ እሷንም አስቡ።